ቡና የሚያልፍባቸው ከተሞች

ወደ ጅቡቲ የሚወርድ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ 320 ጆንያ ጥሬ ቡና ይይዛል። ጆንያው 60 ኪሎ ነውና ጭነቱ 19.2 ቶን ይሆናል። ተሳቢው አዋሽ ሰባት ኪሎን አልፎ፣ ገዋኔንና ሚሌን ተሻግሮ ሎጊያ ሲደርስ ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋና ይወርዳል፤ ፊቱን ይታጠብና ቡና ያዛል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው በጉምሩክ ማኅተም ታሽጎ ቆሟል። በስኒ የሚቀዳለት ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያኛው ተለቅሞና ተበጥሮ ሲያልቅ የቀረው ነው።

አፋር ላይ ቡና አይበቅልም። አረቢካ ወይና ደጋ ይወዳል። ሰመራ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ430 ሜትር ብዙም ሳትርቅ ተቀምጣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ የምትግል ከተማ ናት። እንዲያም ሆኖ የአገሪቱ ቡና ወደ ባሕር ከሚወርድባቸው መንገዶች ዋነኛው በደጃፏ ያልፋል። አዋሽ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሰመራ ደግሞ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። በመካከል ያሉት ከተሞች ብዙዎቹ ያደጉት መኪና ስለሚቆምባቸው ነው፤ መኪና በቆመበት ደግሞ ጀበና ይጣዳል።

ስለ አንድ ከተማ ቡና ቆይዎች ሲወራ አንባቢ የሚጠብቀው የድርጅት ስም ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው ቶሞካ ይጠራል፣ ከእሱ ወዲህ የመጡ ደርዘን የሚሞሉ ስሞች ይከተላሉ። በአፋር መንገድ ላይ ግን ቆይዋ በሸራ ጥላ ሥር ዱካ ላይ የተቀመጠች ሴት ናት። ከወሎ ወይም ከሌላ ደጋ አገር የወረደች ልትሆን ትችላለች፤ አፋርም ልትሆን ትችላለች። መሣሪያዋ ብረት ምጣድ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ረከቦትና ጀበና ነው። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት «አነስተኛ ንግድ» ብሎ ይመዘግባታል፣ ካልመዘገባትም አስፋልት ዳር ስለተቀመጠች አንሺ ይላታል። በእኔ ግምት ግን ከዚህ አገር የቡና ባለሙያዎች ሁሉ ሥራዋን በገዢው ዓይን ፊት፣ ከጥሬው እስከ ስኒው፣ በአንድ መቀመጫ የምትጨርሰው እሷ ብቻ ናት።

ሥራው ራሱ ቀላል አይደለም። ፍሬው ይታጠባል፣ ገለፈቱ በመዳፍ ይታሻል፣ ውሃው ይጠነፈፋል። ምጣዱ ላይ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ መዘናጋት ይበቃዋል። ቡና መንጣጣት የሚጀምረው ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሰመራ 45 ዲግሪ ብትሆን ለፍሬው ልዩነቱ እምብዛም ነው፤ ፍዳው የሚደርሰው ቆይዋ ላይ ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከፊት ለፊት ፍም አለባት። የቡና ሰዓት በዚህ አካባቢ ወደ ማለዳውና ወደ ምሽቱ የተገፋው ለዚህ ይመስለኛል። እኩለ ቀን ላይ ሎጊያ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ነው፤ ጀበናው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመለሳል።

ውሃውም የራሱ ጠባይ አለው። የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ማዕድን የበዛበት ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ የቡናን ኮምጣጣነት ይሰብራል። ይርጋጨፌን ይርጋጨፌ የሚያሰኘው ያ የሎሚ ቃና በዚህ ውሃ ተፈልቶ ቢመጣ ድምፁ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አጥቁሮ የተቆላ ቡና ግን የሚሰበርበት ብዙም የለውም፤ ምሬቱን ይዞ ይወጣል። ስኳር የሚበዛበትም ምክንያት ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ከሰሉስ? ከአዋሽ እስከ ገዋኔ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚሸጠው ከሰል ብዙው የፕሮሶፒስ ነው። አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት፣ ከመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢ ተነሥቶ የግጦሹን ሜዳ የወረረው እሾሃማ ዛፍ። ይህን ዛፍ ለማጥፋት የተሻለው ዘዴ አክስሎ መሸጥ ነው ተብሎ በገዋኔና በአሚባራ ማኅበራት ተደራጅተው ነበር። ነገር ግን ከፕሮሶፒሱ ጋር ግራሩም እየተቆረጠ ማዳበሪያ ውስጥ ገባ፤ እገዳም መጣ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ለአርብቶ አደሩ የግጦሹ ጠላት የሆነው ዛፍ ለቡና ሻጯ በርካሽ የሚገኝ ፍም ነው፤ የሁለቱን ሂሳብ አስታርቆ ያቀረበ ግን አላየሁም።

አሁን ወደ ፍሬው እንመለስ፣ ምክንያቱም ረጅሙ ጉዳይ እሱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 602/2000 የቡና ግብይትን በጥብቅ ሥርዓት አሰረ። ለውጭ ገበያ የደረሰ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ተከለከለ። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1051 ሲተካው ብዙ ነገር ቢላላም መሠረቱ አልተነቃነቀም፦ ጥሩው ዶላር ያምጣ፣ የተረፈው እዚህ ይጠጣ። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች። እንዲህ ያለ ቡና አምራች አገር በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በየከተማው ገዝተን የምንጠጣው ብዙው ግን ከመጋዘን መበጠሪያው በታች የወደቀው ነው፤ ነጋዴው «ሪጀክት» ይለዋል። ጥቁሩ፣ የተሰበረው፣ ነቀዝ የነካው።

መንግሥት የራሱ ምክንያት አለው። ነዳጅና መድኃኒት የሚገዛው በብር አይደለም፤ ቡና በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማስገባት የጀመረባት አገር ያንን ገቢ ለስኒ አሳልፋ ትስጥ የሚል የለም። ሆኖም አንድ ነገር ሳይነገር ያልፋል። ጥሬ ቡና ለውጭ ገበያ ሲዘጋጅ አዲስ አበባ ባሉ መጋዘኖች ሴቶች ተሰልፈው በእጅ ይለቅሙታል፤ እንከን ያለው ወደ ጎን ይወጣል። ያ የወጣው መርካቶ ይገባል፣ ከመርካቶ በኪሎ እየተመዘነ ወደ አዋሽና ወደ ሎጊያ ይወርዳል። እዚያ ሌላዋ ሴት እንደገና ትለቅመዋለች። የባሰውን ጥላ የቀረውን አጥቁራ ትቆላለች፤ አጥቁሮ መቁላት እንከን ይሸፍናልና። ጠቆር ያለ ቡና መውደዳችን ከአያቶቻችን የወረስነው ባህል ብቻ ነው የሚለውን አባባል በሙሉ ልብ አልቀበልም። ከፊሉን ያስተማረን ገበያው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ላኪው በአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር በአንዴ በዛ። የካቲት 2017 ላይ ደግሞ የኒው ዮርክ የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። ለገበሬው መልካም ዜና ሆነ። ለቡና ሻጯ ግን ያ ሪጀክት እንኳ ተወደደባት፤ ላኪው ከፍ አድርጎ ሲገዛ የታችኛው ዋጋ ዝም ብሎ አይቀመጥምና። ከዚህ ወዲያ ያላት ምርጫ ጥቂት ነው፦ የስኒውን ዋጋ መጨመር፣ ጀበናውን ማቅጠን፣ ወይም ገብስ ቆልታ መቀላቀል። ሦስተኛውን ማንም አደርጋለሁ አይልም፤ ሁሉም ግን ጎረቤቱ እንደሚያደርግ ያውቃል።

ሰመራ ውስጥ ሌላ ዓይነት ቡናም አለ። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚህ ከዞረ፣ ዩኒቨርሲቲውም በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ማኪያቶና ስፕሪስ የሚጠጣ ደመወዝተኛና ተማሪ መጥቷል። ካፌዎቹ የማሽን ቡና አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ ደጅ ያለችው ጀበና ግን አትቆምም። ለዚህ ነው ካፌ በረንዳ ላይ ሳይቀር ረከቦት ዘርግታ የምትቀመጥ ሴት የሚታየው። ባለ ካፌው ያስቀመጣት ለጌጥ ይመስላል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ግን ቤቱን የምታቆመው እሷ ናት።

አፋሮች ራሳቸው የወተትና የሻይ ሰዎች ናቸው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ቡናውን ከመንገደኛው ጋር ተቀምጠው ይጠጣሉ፤ ወግ ደግሞ እነሱ ከሁሉ በላይ ያወቁበት ጉዳይ ነው። ሁለት አፋሮች በተገናኙ ቁጥር ዳጉ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ከብት የት ታመመ፣ በየትኛው በኩል ጸጥታ አለ። የሰማኸውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ማሳለፍ ግዴታ ነው። ከጅቡቲ የመጣ ሾፌርና ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሲቀመጡ የሚጠያየቁትም ከዚህ ብዙ አይለይም። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋው ስንት ነው፣ ነዳጅ የት አለ፣ መንገዱ የት ተቆርጧል። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ተደጋግማ ስትንቀጠቀጥና ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው ሲያድሩ፣ የመንገዱን ወሬ ከማንም ቀድሞ ማወቅ ለሾፌር የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

እነዚህ ከተሞች ዕድላቸው ሁልጊዜ በእጃቸው አልነበረም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በሌሊት አይሄድም ነበር፤ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። የአዋሹ ቡፌ የተወለደው ከዚያ ማደር ነው፦ ጥላ ያለው በረንዳ፣ ሾርባ፣ የሚፈላ ቡና። ባቡሩ ሲደክም ቡፌው ደከመ፣ ቡናው ከጣቢያው ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ዳር ሄደ። እስከ 1990 ዓ.ም. ከባዱ ጭነት አሰብ ይወርድ ነበር። የዚያ ዓመት ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ተዘጋ፤ በአሰቡ መንገድ ላይ ያሉት ማንዳና ቡሬ መኪና አጡ፣ ሎጊያ ግን የጅቡቲው መንገድም በእሷ ስለሚያልፍ ዳነች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ተቀይሯል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ አዋሽን ይነካል፣ ከሜኤሶ ወደ ድሬዳዋ ይታጠፋል፣ ሰመራን አያውቃትም። ከድሬዳዋ በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ የተሠራው የክፍያ መንገድም ለከባድ መኪና ሌላ በር ከፍቷል። በደወሌ የሄደ ሾፌር ሎጊያ ላይ አያድርም። ሰመራ ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ አውሮፕላን ማረፊያና ደረቅ ወደብ ስላላት መኪናው ቢቀንስም ትኖራለች። ሎጊያ ያላት ማደሪያው ነው። ቡና ሻጯም የመኪናውን መቀነስ ከማንም በፊት የምታውቀው ሪፖርት አንብባ አይደለም፤ ማታ ማታ አስፋልቱ ዳር የሚቆሙትን ተሳቢዎች ቆጥራ ነገ ስንት ኪሎ እንደምትገዛ የምትወስነው እሷ ራሷ ናትና።