የጁባ ተሳፋሪና የመኪናው በር

በከተማ ኑሮ ውስጥ ሰው በየዕለቱ የሚማረርባቸው፣ ነገር ግን ለማንም አቤት የማይልባቸው ችግሮች ብዙዎች ናቸው። የጎረቤት ክርን፣ የተረገጠ ጫማ፣ ሳይሰጥ የቀረ መልስ፣ በጆሮ ሥር የሚጮኽ ስልክ ከእነዚሁ ይቆጠራሉ። ተሳፋሪ ባለበት ከተማ ሁሉ ይህ አይጠፋም። በደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ በጁባ ግን ጥቃቅን የሚመስሉት የመንገድ ላይ ጠባዮች ሕይወት እስከ ማስከፈል ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ በጥሞና ሊታዩ ይገባል።

በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኘው ጁባ፣ አገሪቱ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ በፍጥነት ሰፍታለች። የጉደሌ፣ የሙኑኪና የጀበል ነዋሪ፣ እንዲሁም ከወንዙ ማዶ በጉምቦ የሚኖረው ሕዝብ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ኮንዮ ኮንዮና ወደ ከስተም ገበያዎች ይጎርፋል። የሚያጓጉዙትም ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ፣ ባለ ሦስት እግሩ ራክሻና ቦዳ ቦዳ የተባለው ሞተር ብስክሌት ናቸው። ማታቱ የሚለው ስም የኬንያ ሲሆን፣ እንደሚነገረው የቀድሞውን የሦስት አሥር ሳንቲም ዋጋ ያስታውሳል። ቦዳ ቦዳም በኬንያና በኡጋንዳ ጠረፍ ሰውን በብስክሌት ያሻግሩ ከነበሩት ሰዎች የወጣ ስም ነው።

በማታቱ ውስጥ የማይታይ የጠባይ ዓይነት የለም። አንዱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ወደ ውስጥ አልገባም በማለቱ፣ ሌላው ሁሉ በጉልበቱ ላይ እየተንጠላጠለ ያልፋል። ሌላው የከሰል ጆንያውን በሰው እግር ላይ ያሳርፍና መስኮት መስኮቱን ይመለከታል። ጥቂት መንገድ ለመሄድ ትልቅ ኖት የሚያወጣም አለ። ረዳቱ ደግሞ ያረጀ ኖት አልቀበልም ይላል፤ ራሱ መልስ ሲሰጥ ግን ከዚያ የባሰውን ይመዛል። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር የሂሳቡ ጭቅጭቅ ይብሳል። ጭቅጭቁም በጁባ ዓረብኛ፣ በባሪ፣ በዲንቃ፣ በእንግሊዝኛ፣ አልፎ አልፎም በአማርኛ ይካሄዳል።

ይህ ሁሉ በትዕግሥት ይታለፋል። በትዕግሥት የማይታለፈው የበሩ ነገር ነው። ሱዳን በ1965 ዓ.ም. የተሽከርካሪ ጉዞን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውራለች፤ ኢትዮጵያም በ1956 ዓ.ም. እንዲሁ አድርጋ ነበር። ደቡብ ሱዳንም በዚያው በቀኝ መንዳት ጸንታለች። ጎረቤቷ ኡጋንዳ ግን በግራ ትነዳለች። ከዚያ በኩል በኒሙሌ መንገድ ከሚገቡት ሚኒባሶች ብዙዎቹ መሪያቸው በስተቀኝ፣ የተሳፋሪ በራቸውም በስተግራ ነው። በመሆኑም መኪናው የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዞ ሲቆም፣ በሩ የሚከፈተው ወደ እግረኛው መሄጃ ሳይሆን ወደ መንገዱ መካከል ነው። ሾፌሩም ለመቅደም ሲሞክር፣ የተቀመጠው በጠርዙ በኩል ነውና ከፊት የሚመጣውን ዘግይቶ ያያል።

እንግዲህ መኪናው ሳይቆም ለመውረድ የሚጣደፍ ሰው የሚዘለው በሚከንፉት ቦዳ ቦዳዎች ፊት ነው። ከኋላ «ቶሎ ውረዱ» እያለ የሚገፋውም፣ የሚገፋው ወዴት እንደሆነ ሊያስብ ይገባዋል። በሞተር ብስክሌቱም ላይ ቢሆን፣ ሦስት ሆኖ ተፈናጥጦ፣ ያለ ራስ ቁር ነጂውን «ፍጠን» እያለ የሚያጣድፍ ሰው በነጂው ብቻ ሊያሳብብ አይችልም።

በእርግጥ የመንገዱ ይዞታ እየተሻሻለ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው የጁባ ድልድይ ብቻውን ይሸከመው የነበረውን ጭነት፣ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ ግንቦት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የነጻነት ድልድይ ይጋራዋል። ይሁን እንጂ ድልድይ ወንዝን እንጂ የሰውን ጠባይ አያሻግርም። ሂሳብን ከመሳፈር በፊት መንዝሮ መያዝ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ለሌላው ቦታ መልቀቅ፣ መኪናው ጨርሶ ሲቆም ወደ ኋላ ተመልክቶ መውረድ ወጪ የለበትም። የሰው እግር የረገጠም፣ በአገሩ ቋንቋ «ማሌሽ» ቢል፣ የተረገጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።