ከወጡት ሰዎች የሚሰማው

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ሰማንያ ያህል ዩጋንዳውያን ቀያቸውን ጥለው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከምሥራቅ ዩጋንዳ የተነሡ የአንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ነበሩ፤ የዓለም ፍጻሜ ደርሷል፣ አርባ ቀን ጾማችሁ ኢየሱስን የምትገናኙት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ተብለው ነው የመጡት። ያረፉት ደቡብ ኦሞ፣ ኛንጋቶም ወረዳ ነበር። ያን ጊዜ ዞኑ መቀመጫውን ሐዋሳ ባደረገው የደቡብ ክልል ሥር ነበርና፣ በረሃብ ስለተጎዱት ሰዎች የተሰማው ነገር ለሐዋሳ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

ሁለት ወር ቆይቶ የኬንያው መርዶ ተከተለ። ከማሊንዲ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሻካሆላ ጫካ ውስጥ መቃብር ሲቆፈር ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ። ሟቾቹ በጾም ወደ ኢየሱስ እንደሚሄዱ የተነገራቸው የፖል ማኬንዚ ተከታዮች ነበሩ። ማኬንዚ የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ትምህርቱም የጀመረው ከጾም አልነበረም። መጀመሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተወገዘ፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎ መታወቂያ። ማኬንዚ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ተከራክሯል። ቀድሞ ምክትል ሰባኪው የነበረና ትምህርቱ ሲለወጥበት ጥሎት የወጣ ሰው ግን ለጋዜጠኞች የተናገረው ይዘገንናል፦ የሞቱ ተራ አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። ሕፃናት ይቅደሙ፣ ሴቶች ይከተሉ፣ ከዚያ ወንዶች፣ መሪው መጨረሻ ላይ። ሕፃናቱ ቶሎ እንዲያልፉ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ ነበር።

ከጫካው በሕይወት የተገኙት ወደ መጠለያ ሲወሰዱ የሆነው ነገር ደግሞ ብዙ ያስረዳል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ከእነርሱ ውስጥ 65ቱ የቀረበላቸውን ምግብ አንበላም በማለታቸው ራስን ለማጥፋት በመሞከር ተከሰሱ። ማኬንዚ ታስሯል፣ ጫካው በፖሊስ ተከቧል፣ ምግቡ ፊታቸው ተቀምጧል። ትእዛዙ ግን አሁንም በውስጣቸው ይሠራ ነበር። «ለምን ጥለው አልወጡም?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የቀረበ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

ሐዋሳ ላይ ይህን ጉዳይ ማንሳት ከሌላ ቦታ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከተማዋ ራሷ አዲስ እምነት እንደ ወንጀል ሲቆጠር ያየች ናትና። የስዊድን ፊላዴልፊያ ሚሲዮን ወደ ሐዋሳ የገባው ከተማዋ ገና ስትቆረቆር ነበር፤ የሕይወት ብርሃን ቤተ ክርስቲያን የተገኘችውም ከእርሱ ነው። በ1950ዎቹ ሚሲዮኑ በክረምት ያዘጋጅ በነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ላይ የተገኙ ተማሪዎች በልሳን መጸለይን፣ ትንቢትንና ፈውስን ይዘው ወደየትምህርት ቤታቸው ተመለሱ። ሐረር፣ ናዝሬትና አዲስ አበባም የራሳቸው የወጣቶች ኅብረት ነበራቸው። ከእነዚህ ኅብረቶች መገናኘት ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። በ1959 ዓ.ም. እንመዝገብ ብላ ያቀረበችው ጥያቄ ውድቅ ሆነ። በ1964 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ ከ200 በላይ ምእመናን ከአምልኮ ተይዘው ታሰሩ፤ ደርግም በተራው ዘጋት። «ጴንጤ» በዚያ ዘመን ስድብ ነበር። ወጣት የሚያሳብድ፣ ልጅን ከእናት ከአባቱ የሚለይ፣ የባዕድ ትምህርት ነው ተብሎ ይወራ ነበር።

ዛሬ በሐዋሳ የፕሮቴስታንት አማኝ ብዙ ነው፤ ያ ስድብም ኃይሉ ቀንሷል። እንግዲህ አንድ ትምህርት አዲስ መሆኑ፣ ጮክ ብሎ መጸለዩ፣ ከነባሩ ሃይማኖት መውጣቱ ተከታዮቹን ይጨቁናል ለማለት አይበቃም። ሚዛኑ ሌላ ቦታ ነው፦ የሚጠይቅ ሰው ምን ይደረጋል? የሚወጣስ ሰው ምን ያጣል? ይህን አሟልቶ ሊናገር የሚችለው ደግሞ ከውጭ የሚያየው ሳይሆን ኖሮበት የወጣው ነው።

የሬይመንድ ፍራንዝ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፍራንዝ የይሖዋ ምሥክሮች የበላይ አካል አባል ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1980 አገልግሏል፤ አጎቱ ፍሬደሪክ ፍራንዝ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ነበር። ከኃላፊነቱ እንዲለቅ ከተደረገ በኋላ አላባማ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ኑሮ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከአሠሪው ጋር ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ሲበላ ታየ። አሠሪው በፈቃዱ ከድርጅቱ የወጣ ሰው ነበር። ፍራንዝ በዚያ ማዕድ ምክንያት ተወገደ፤ ዕድሜ ልክ የሚያውቃቸው ወዳጆቹም ሰላምታ ነፈጉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳተመው መጽሐፍ የቂም መጽሐፍ አይደለም። ክብደቱ ያለው በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበረውን አሠራር በመግለጹ ላይ ነው። ለምሳሌ በውትድርና ፋንታ የሲቪል አገልግሎት የቀረበለት ወጣት ምሥክር ይቀበል ወይስ አይቀበል የሚለው ጉዳይ በድምፅ ተወስኗል። ፍራንዝ እንደጻፈው አብላጫው ደንቡ ይለወጥ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ አሮጌው ደንብ ጸና። በየአገሩ ያሉ ወጣቶች ግን ወደ ወኅኒ የወረዱት የእግዚአብሔርን ፈቃድ እየፈጸሙ እንደሆነ አምነው ነው። ጥቂት ድምፅ እንደጎደለ ማን ይነግራቸዋል? ደንቡ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

የይሖዋ ምሥክሮች ለሐዋሳ እንግዳ አይደሉም፤ ጽሑፎቻቸው በአማርኛም በሲዳምኛም ይነበባሉ። ስለ እነርሱ ሲወራ ሌላውን ገጽ መዝለል ግን ነውር ነው። ጎረቤት ኤርትራ በ1987 ዓ.ም. ዜግነታቸውን ገፈፈቻቸው፤ በዚያው ዓመት መስከረም የታሰሩ ሦስት ምሥክሮች ያለ ፍርድ ከ26 ዓመት በላይ ቆይተው የተፈቱት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው። አንድ ማኅበር በመንግሥት እየተሳደደ በዚያው ጊዜ የራሱን ሰዎች ሊጨቁን ይችላል። ስደቱን መቃወም፣ ከወጡት ሰዎች የሚሰማውን ደግሞ አለማፈን፣ ሁለቱም ግዴታ ናቸው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ የዘመኑ ዋና መነጋገሪያ በየከተማው የተስፋፋው የነቢያት አገልግሎት ነው። ባነሩ በየአስፋልቱ ይሰቀላል፣ ፕሮግራሙ በሳተላይት ቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ይተላለፋል። የተጸለየበት ዘይትና ውኃ፣ «ዘር ዝሩ» ተብሎ የሚሰበሰብ ገንዘብ፣ በስም ተጠርቶ የሚነገር ትንቢት የተለመዱ ናቸው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ነቢይ ነኝ ያለ አንድ ሰው የሟች ቤተሰብን አሳምኖ መቃብር አስከፈተ፤ አስከሬኑ ላይ ተኝቶ «ተነሥ» እያለ ጮኸ። ሟቹ ሳይነሣ ሲቀር ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሰውየውንም ፖሊስ ወሰደው። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ብዙ ሰውም ሳቀበት። የሚያሳዝነው ግን ቤተሰቡ ነው። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው «ይነሣልሃል» ሲባል በምን አቅሙ እንቢ ይበል?

ከእነዚህ ሁሉ አስጊው መድኃኒት ማስጣል ነው። በ1990ዎቹ እንጦጦ ጸበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ማቋረጣቸው ሐኪሞችን አስጨንቆ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። የእምነቱ አባት ራሳቸው የተናገሩት ቃል የጤና ባለሙያ በዓመታት ምክር የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። አባት የሌለው፣ ለማንም የማይጠየቅ «ነቢይ» የሚያስፈራውም ለዚህ ነው፤ እርሱን የሚያርመው ማን ነው? በተቀባ ሰው ላይ እጅ አይነሣም የሚለው ከመዝሙር 105 የተወሰደ ትምህርት ደግሞ ጠያቂውን በደለኛ ያደርገዋል። ትንቢቱ ባይፈጸም የጎደለው የሰሚው እምነት ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ትምህርት ከተተከለ ዘበኛ አያስፈልግም።

የወጡት ሰዎች ቃል ሁሉ እንደወረደ ይወሰድ ማለት አይደለም። የኦክስፎርዱ የሃይማኖት ሶሲዮሎጂስት ብራያን ዊልሰን፣ ጥሎ የወጣ ሰው ያለፈውን ሕይወቱን ለማስረዳት ታሪኩን ሊያጠቁረው ስለሚችል ምስክርነቱ በጥንቃቄ ይታይ ብለው ተከራክረዋል። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው። ሆኖም ይኸው ምክንያት አሁንም በውስጥ ላለው ሰው ይብሳል፤ እርሱ ቢናገር የሚያጣው ብዙ ነውና። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ፣ የድርጅቱ ሰነድም ሲደግፋቸው፣ ቂም ነው ብሎ ማለፍ አያዋጣም። በሲዳማ ሶንጎ ላይ ሽማግሌዎች ከመፍረዳቸው በፊት ተበዳዩም ተከሳሹም ይሰማሉ። ከሃይማኖት ማኅበር ለወጣ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሸንጎ የለም። ዘመዱ «ነግረንህ ነበር» ይለዋል፣ የቀድሞ ወንድሞቹ ከሃዲ ይሉታል፣ ነባሩ ቤተ እምነት ደግሞ ታሪኩን ለክርክር ብቻ ይፈልገዋል።

መንግሥታት የየራሳቸውን መንገድ ሞክረዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 በሺዎች የሚቆጠሩ አብያተ ክርስቲያናትን ዘግታ ለሰባኪዎች የሥነ መለኮት ዲግሪን ግዴታ አደረገች። ይህ መንገድ ለሐዋሳ አይበጅም፤ ያው ሕግ በ1959 ዓ.ም. ቢኖር ኖሮ ሙሉ ወንጌልን ለመዝጋት ይውል ነበር። ኖርዌይ የሄደችው በሌላ በኩል ነው። የወጡ አባላትን፣ ልጆችንም ጭምር ማግለል መብት ይነካል ብላ የይሖዋ ምሥክሮችን ምዝገባና ድጎማ ከለከለች። የኦስሎ ፍርድ ቤት በማርች 2024 መንግሥትን ደገፈ፤ ከዓመት በኋላ የይግባኙ ፍርድ ቤት ገለበጠው። ድርጅቱም በዚያው በ2024 ከጉባኤ የተወገደ ሰው ወደ ስብሰባ ሲመጣ በአጭሩ ሰላም ሊባል እንደሚችል ለተከታዮቹ አስታወቀ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የመረጡትን ሃይማኖት የመያዝና የመቀበል ነጻነትን ይሰጣል፣ ማስገደድን ይከለክላል፤ ገደብ የሚፈቅደው የሕዝብን ደህንነት፣ ጤና፣ ትምህርትና ሞራል ለመጠበቅ በሕግ ሲወሰን ነው። አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ያዝዛል። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1208 የተቋቋመው የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ቤተ እምነቶቹ እርስ በርስ የሚተራረሙበት መድረክ ሊሆን ይችላል። በተአምር ስም ገንዘብ የወሰደ ሰው ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692፣ በማታለል ሊጠየቅ ይችላል። ግን መዝገብ እንዲከፈት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ተታልያለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ውስጥ ያለው ምእመን የሰጠው ገንዘብ መባ ነው ብሎ ስለሚያምን አይሄድም። የሚሄደው የወጣው ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚሄደው ቤት ሲመለስ የሚቀበለው ሰው እንዳለ ካወቀ ነው።