ዕድሜ ልክ ለሚማር ሰው በበይነ መረብ የሚሰናዳ የግል መማሪያ

ትምህርት ከትምህርት ቤት ደጅ ሲወጡ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ሆኖም ከዚያ ደጅ ከወጡ በኋላ መጽሐፍ የሚመርጥ፥ ሰዓት የሚወስን፥ ስሕተት የሚያርም መምህር በአጠገብ አይገኝም። በስልክ የሚገባው በይነ መረብ ብዙ ዕውቀት ቢያመጣም እነዚህን ሦስቱን አያመጣምና፥ ተማሪው ራሱ ሊያሰናዳቸው ይገባል።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ በወላይታ፥ በቦሎሶ ሶሬ የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። የእንሰቱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ አየ እንበል። ይህ የአጠውልግ በሽታ ምልክት ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል ስለ ሆነ፥ ጓሮው ቢመታ የሚጠፋው የአንድ ክረምት አዝመራ ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት የቤተ ሰብ ስንቅ ነው።

ይህ ሰው በመጀመሪያ ጥያቄውን ያጥብብ። «ስለ እንሰት» ብሎ የሚፈልግ በወሬ ብዛት ይዋጣል፤ «በሽታው በምን ይተላለፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን መልስ ያገኛል። ሁለተኛ፥ ምንጮቹ ጥቂትና የታመኑ ይሁኑ። በዚያው በወላይታ ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል፥ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፥ እንሰት ሲፍቁ የኖሩ እናቶችም በስልክ የተነበበው የሚመዘንባቸው ናቸው። ሦስተኛ፥ ያገኘውን በደብተር ያስፍር፤ ይኸውም በሽታው ከባክቴሪያ እንደሚመጣ፥ በተበከለ ቢላዋ እንደሚተላለፍ፥ የታመመው ተክል ተነቅሎ እንዲቀበር፥ ቢላዋውም በእሳት እንዲነጻ የሚል ነው። የስልክ ሒሳብ ቢያልቅ ደብተር አያልቅም። አራተኛ፥ የተማረውን በሥራ ይፈትን፥ ለጎረቤቱም ያስረዳ። ቢላዋውን የሚዋሰው ጎረቤት ካላወቀ፥ የእርሱ ማወቅ ብቻውን ጓሮውን አያድንም።

የቋንቋም ነገር አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ወላይትኛም አንዱ ነበረ። ዛሬ ግን በበይነ መረብ የሚበዛው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ያነበበውን በወላይትኛ በድምፅ ቀድቶ ወደ መንደሩ ቢልክ፥ ማንበብ ለማይችሉት ወላጆቹ መምህር ይሆናል።

መሣሪያው በእጅ መያዙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያለ ዕቅድ የተጀመረ ትምህርት፥ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው ነውና፥ አስቀድመን ጥያቄያችንን፥ ምንጫችንንና ደብተራችንን እናሰናዳ።