የፎቅ ቤት ጎረቤትነትና ዋይፋይ

የጎረቤት ነገር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ስለ አጥር፣ ስለ ጭስና ስለ ፍሳሽ ነው። በዛሬው የፎቅ ኑሮ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያገናኝ፣ አንዳንድ ጊዜም ሳይተዋወቁ የሚያጋጭ፣ በዓይን የማይታይ ሌላ ነገር መጥቷል፤ ይኸውም ዋይፋይ ነው።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ብዙ ቤተሰብ አለ። ከነዚህም አብዛኛው ከሥራና ከትምህርት ተመልሶ ኢንተርኔት የሚከፍተው በአንድ ሰዓት ነው። ተማሪው ለፈተና የሚያነበውን ሊያወርድ፣ ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለነገ የሚቀርበውን ጽሑፍ ሊልክ ሲቀመጥ ግን ገጹ አልከፈት ይላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ይህ ችግር የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ብዙ ወላጅ ተረድቷል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ወዲያው «መስመሩ ነው» ብለን የበለጠ ፍጥነት እንገዛለን፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል።

ስለዚህ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ በሽታውን መለየት ይገባል። ዘዴውም ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት፤ ቀጥሎም ገመዱን ነቅሎ በዚያው ሰዓት በዋይፋይ መለካት፤ ይህንም ጧትና ማታ ለሁለት ሦስት ቀን ደጋግሞ በወረቀት መያዝ ነው። በገመድም ቢሆን የሚዘገይ ከሆነ ጥፋቱ ከውጭ ከሚመጣው መስመር ሳይሆን አይቀርምና የተጻፈውን ይዞ አገልግሎት ሰጪውን ማነጋገር ነው። በገመድ ፈጥኖ በዋይፋይ ከዘገየ ግን ምክንያቱ የሚገኘው በቤታችን ውስጥ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር በምንካፈለው አየር ላይ ነው።

ይህ አየር ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ዕቃዎች የሚሠሩበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርትዝ ድረስ ብቻ ነው። በውስጡ በብዙ አገር 13 ቻናሎች ይቆጠራሉ፤ ነገር ግን የአንዱ ቻናል ስፋት 20 ሜጋኸርትዝ ያህል ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 5 ብቻ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ሳይነካኩ ጎን ለጎን እንዲሠሩ በተለምዶ የሚመረጡት ሦስቱ፣ ማለት 1፣ 6 እና 11 ናቸው።

የዋይፋይ ጠባይ እንደ ጨዋ ሸንጎ ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉት ሁሉ ከመናገራቸው በፊት ያዳምጣሉ፤ ሌላው ሲናገር ዝም ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዐሥር ቤት በአንድ ቻናል ቢሰበሰብ ተራው ይርቃል እንጂ ሥርዓቱ አይፈርስም። አንድ ሰው ግን «1ም 6ም ተጨናንቋልና እኔ በመካከል በ3 ወይም በ4 ልግባ» ቢል ከሁለቱም ሸንጎ ጋር ይጋጫል፤ የነርሱ ንግግር ለእርሱ፣ የእርሱም ለነርሱ ጫጫታ ይሆናል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የራውተሩ ቦታ ነው። ገመዱ የገባው በበሩ በኩል ነው ተብሎ በብረት በር ሥር ወይም ከቴሌቪዥን ኋላ ይጣላል። ብረት፣ መስታወትና ብረት ያለበት ኮንክሪት ሞገድን ያግዳሉ፤ ስለዚህ ገመዱን አስረዝሞ ወደ ቤቱ መካከል ማምጣትና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል። ሁለተኛ፣ ራውተሩ የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ካለው በእርሱ መጠቀም ነው። ይህ ሞገድ ግድግዳ ማለፍ ያዳግተዋል፤ በፎቅ ቤት ግን ድክመቱ ጥቅም ይሆናል፤ የጎረቤትም ሞገድ ወደኛ እምብዛም አይገባምና፤ ቻናሎቹም ብዙ ናቸው። ሦስተኛ፣ ቴሌቪዥንና ከቦታው የማይነሣ ኮምፒዩተር በገመድ ቢያያዝ አየሩ ለስልክ ይለቀቃል።

የማይበጀውም መነገር አለበት። የራውተርን ኀይል መጨመር በሸንጎ መካከል እንደ መጮኽ ነው፤ ጎረቤትም መልሶ ይጮኻል። ሞገድ ያስፋልናል ተብለው የሚሸጡት ማባዣዎችም አብዛኛዎቹ የሰሙትን ቃል በዚያው ቻናል ደግመው ስለሚናገሩ በተጨናነቀ ሕንፃ ጭነቱን ያበዙታል።

ከሁሉ የሚልቀው መድኃኒት ግን ስምምነት ነው። ብዙ ራውተሮች ቻናላቸውን የሚመርጡት ሲበሩ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም ባንድነት ስለሚነሡ በአንድ ቻናል ላይ ሊከማቹ ይችላሉ። በአንድ ፎቅ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ቤቶች 1፣ 6 እና 11ን ተከፋፍለው ቢይዙ፣ ከነርሱ በላይ ያሉት 6፣ 11 እና 1ን፣ ከዚያም በላይ ያሉት 11፣ 1 እና 6ን ቢይዙ፣ ማንም ከጎኑም ሆነ ወዲያው ከላይና ከታች ካለው ጎረቤት ጋር አይደረብም። ይህ ሥራ አንድ ወረቀት፣ በዙሪያው ያሉትን ቻናሎች የሚያሳይ አንድ የስልክ መተግበሪያና የአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፤ ወጪ የለበትም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ከቤቶቹ ውጭ ያለው የሕንፃው ክፍል የጋራ መጠቀሚያ መሆኑን ደንግጓል። ደረጃውን በተራ የሚያስጠርግ የነዋሪዎች ማኅበር ስለ አየሩም ቢነጋገር ያምርበታል። የተማረው ወጣት ለጎረቤቶቹ ከሚያበረክተው አገልግሎት አንዱ ይኸው ነው፤ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለዋይፋይም ይሠራልና።