ደብዳቤው ከማን ነው?

በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ማጂ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር። ያኔ ደብዳቤ በእግረኛና በበቅሎ ይመጣል፤ የላኪው ምስክርም ማኅተሙ ነው። ኢሜይል ግን ማኅተም ሳይኖረው ነው የተወለደው። በ1982 እ.ኤ.አ. የማመላለሻው ደንብ ሲጻፍ ተጠቃሚዎቹ ጥቂት፣ እርስ በርስም የሚተማመኑ ስለነበሩ «ከ» በሚለው መስመር ላይ ማንም የፈለገውን ስም እንዳይጽፍ የሚከለክል ነገር አልተበጀም። ሚዛን አማን ወይም ቴፒ ተቀምጦ ከውጭ ገዢ ጋር በኢሜይል ለሚነጋገር የቡና ሰው ይህ ክፍተት እንጀራውን ይነካል።

እኔም ክፍተቱን ይደፍናሉ የተባሉትን ሁለት ዘዴዎች ለሦስት ወር ሞከርኳቸው።

የመጀመሪያው መለያ ያለው አድራሻ ነው። በጂሜይል ከስሜ ቀጥሎ የመደመር ምልክት፣ ከዚያም «ቡና» ወይም «ሥልጠና» ብዬ እጨምራለሁ። ሳጥኑ ያው የድሮው ነው፤ አዲስ መክፈት አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለየ መለያ ሰጠሁ። በሁለተኛው ወር ያላዘዝኩት ማስታወቂያ ሲጎርፍ ሁሉም የመጣው ለአንድ የሥልጠና ምዝገባ ብቻ በሰጠሁት መለያ ነበር። አድራሻዬ በየት በኩል እንደወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁ። ያንን መለያ ብቻ በማጣሪያ ወደ ቆሻሻ መጣያው መራሁት፤ የቡናው መስመር ሰላም ሆነ። አንዳንድ ቅጾች ግን የመደመር ምልክቱን አይቀበሉም፤ ብልጥ ላኪም መለያውን ቆርጦ መጣል ይችላል።

ሁለተኛው ላኪን ማረጋገጥ ነው። አንዱ ዓይነት የማያውቀው ሰው ሲጽፍ «መጀመሪያ ማንነትህን አረጋግጥ» የሚል መልስ በራሱ ይልካል። ይህን አልወደድኩትም። እህቴ ከማጂ ስትጽፍልኝ ጥያቄው የደረሳት ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ ነበር፤ ደብዳቤዋ አራት ቀን በር ላይ ቆመ። የባሰው ደግሞ ሌባ የሰው አድራሻ ተውሶ ሲጽፍ ጥያቄው የሚሄደው ምንም ወደማያውቀው ባለአድራሻ መሆኑ ነው።

ሌላው ሥራውን ለሰርቨሮች ይተወዋል፤ የምደግፈውም ይህን ነው። ኤስፒኤፍ የሚባለው በላኪው ዶሜይን፣ ማለትም በአድራሻው ከ@ ቀጥሎ ባለው ስም፣ ደብዳቤ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር ያያል። ዲኪም እውነተኛው ማኅተም ነው፦ የላኪው ሰርቨር በሚስጥር ቁልፉ ይፈርማል፣ ተቀባዩ በይፋ በተቀመጠው ቁልፍ ያመሳክራል፤ የተፈረመበት ጽሑፍ መንገድ ላይ ከተነካ ፊርማው ይፈርሳል። ዲማርክ ደግሞ ፈተናውን ያላለፈው ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን የዶሜይኑን ባለቤት ትእዛዝ ይናገራል። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉግል በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልኩለትን፣ ያሁም በብዛት የሚልኩለትን ሁሉ ሦስቱንም እንዲያሟሉ ጠይቀዋል። ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍቶ የደብዳቤውን ዋና ቅጂ ያየ ሰው የሦስቱንም ውጤት ያገኛል።

ማኅተሙ የሚመሰክረው ግን ለዶሜይኑ ነው። ሌባ የራሱን ዶሜይን ገዝቶ በትክክል ቢፈርምበት ያልፋል።

ቴፒ ያለ ወዳጄ በቅርቡ ደወለልኝ። ገዢው «ናሙናውን ወደ አዲስ አድራሻ ላክ» ብሎ ጽፎለታል። ደብዳቤው ሦስቱንም ፈተና አልፏል። የዶሜይኑን ስም ፊደል በፊደል አንብብልኝ አልኩት። ሲያነብ አንድ ፊደል ትርፍ ሆነ። ወዲያው ገዢውን በድሮው ስልክ ቁጥሩ አገኘው፤ ሰውየው ምንም አልጻፈም ነበር።