አልኮል፣ የስኳር ሕመምና የልብ ጤና፦ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ ከሌለበት ሰው ይበልጥ ለልብና ለደም ሥር ሕመሞች የተጋለጠ ነው። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የሚቆይ የደም ስኳር የደም ሥሮችን ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል፤ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መጨመር ሲታከሉበት ደግሞ ጉዳቱ ይባባሳል።

«ጥቂት መጠጣት ለልብ ይጠቅማል» የሚባለው እውነት ነው?

ቀደም ያሉ ጥናቶች በመጠኑ የሚጠጡ ሰዎች ከማይጠጡት ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚታይባቸው አመልክተው ነበር። ሆኖም «የማይጠጡ» ተብለው ከተቆጠሩት መካከል በሕመም ምክንያት መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ስለነበሩበት ንጽጽሩ አሳሳች ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ለጤና ስጋት የማይሆን የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ስለሆነም መጠጥ የማይጠጣ የስኳር ታካሚ ለልቤ ይጠቅመኛል ብሎ መጀመር የለበትም።

አልኮል በልብ ላይ ምን ያስከትላል?

አልኮል የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ስብ ያበዛል፤ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ሲበዛም የልብን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል። የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። በቤት የሚዘጋጁ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ግን ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ ምን ያህል አልኮል እንደተጠጣ በብርጭቆ ቆጥሮ ማወቅ አዳጋች ነው።

ድንገተኛው አደጋ

ምግብ ሳይበላ ሲቆይ ጉበት ስኳር እያመረተ ወደ ደም ይለቃል። አልኮል ይህን ተግባር ያውካል። በመሆኑም ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያሉ እንክብሎችን የሚወስዱ ታካሚዎች፣ በተለይ በባዶ ሆድ ወይም ከጾም በኋላ ሳይበሉ ከጠጡ፣ የደም ስኳራቸው ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ይህም ከጠጡ ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይ ሳሉም ሊከሰት ይችላል። መደናገር፣ መንገዳገድና የአንደበት መተሳሰር ስካር ስለሚመስሉ፣ አጠገቡ ያሉ ሰዎች «ሰክሯል፣ ይተኛ» ብለው ሊተዉት ይችላሉ። ይህ ስሕተት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

• ለጤና ባለሙያዎ ምን ያህል እንደሚጠጡ ሳይደብቁ ይንገሩ። የኩላሊት ወይም የጉበት ችግር ካለብዎ፣ ወይም ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።
• መጠጣት ካልተዉ፣ በባዶ ሆድ አይጠጡ፤ ከመተኛትዎ በፊት የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ አብረዎት ያሉ ሰዎች የስኳር ሕመም እንዳለብዎ ይወቁ።
• የደም ስኳሩ የወረደበት ሰው መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳሩን ይለኩ፤ ካልተሻለው ይድገሙት፤ ሲሻለውም ምግብ ይብላ።
• ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡ በጎኑ አስተኝተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት።
• በስኳር ታካሚ ላይ የልብ ድካም ያለ ደረት ሕመም ሊመጣ ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ያልተለመደ ድካም ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።
• ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊታመም ስለሚችል በባለሙያ ክትትል ያቁም።