ረሒምና ረጂም፦ የኸጥ ሥራንና የቆየ ኪታብን ፎቶ አንስቶ ድረ ገፅ ላይ መጫን



በቅርቡ ከዳንግላ አንድ ፎቶ ደረሰን። አንድ ደረሳ በቀርከሃ ብዕር ጣውላ ላይ የጻፈው ቢስሚላህ ነው፤ ድረ ገፅ ላይ እንዲወጣለት ይፈልጋል። እጁ ያምራል፤ ለአዊ ልጅ ቀርከሃም አይቸግረውም። ፎቶው ግን መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ ተገልብጧል። ልጁ ጣውላውን ደረቱ ላይ ይዞ በስልኩ የፊት ካሜራ ስላነሳው ነው። ፎቶውን መልሰን ስናቃናው ደግሞ ሌላ ነገር አየን፤ "አር-ረሒም" ከሚለው ቃል ሓ ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። የቀለም ጠብታ ትሁን የሌንስ ቆሻሻ መለየት አልቻልንም።

ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ለምን እንደደነገጥን ይገባዋል። ሓ እና ጂም አካላቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ከሥር ያለችው ነጥብ ብቻ ናት። ነጥቧ ስትገባ "ረሒም" "ረጂም" ይሆናል። የመጀመሪያው ከአላህ ስሞች አንዱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ "አዑዙ ቢላህ" ስንል የምንጠራው የሸይጧን መገለጫ። የመልክዐ ምድር ሥዕል ፎቶ ላይ አንዲት ነጥብ ብትጨመር ማንም ልብ አይል። የአንቀጽ ፎቶ ግን ራሱ አንቀጽ ነው፤ ሰው ያነበዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ልጁን ያስተምርበታል። ስለዚህ ፎቶ አነሳሱን ከመጀመሪያው እንየው።

ብርሃኑ ላይ ዳንግላ የታደለች ናት። ብዙ ሰው ክረምት ለፎቶ አይመችም ይላል። ለኸጥና ለኪታብ ግን ደመና የሸፈነው ሰማይ ከፀሐይ ይሻላል፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚወርድ ጥላ አይጥልም፣ ቀለሙም አያብለጨልጭም። በበጋ ከሆነ በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ አንሱ። ፍላሽ አትጠቀሙ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሁልጊዜ ቅባት አለበት። ሥራውን ግድግዳ ላይ አቁሙት ወይም ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፤ ስልኩንም ከእሱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ በኋላ ካሜራው አንሱ። ስልኩ ካዘነበለ ከላይ ያሉት ፊደላት ጠበው ከሥር ያሉት ይሰፋሉ፤ በኸጥ ደግሞ የፊደል ልኬት ራሱ ጥበቡ ነው። ዙም ከማድረግ ቀረብ ማለት ይሻላል። ከጎኑ ማስመሪያና ነጭ ወረቀት ብታስቀምጡ መጠኑና እውነተኛ ቀለሙ ይታወቃል።

የቆየ ሙስሐፍ ወይም ኪታብ ከሆነ ከካሜራው በፊት ፈቃድ ይቀድማል። ብዙዎቹ የቤተሰብ አማና ወይም የመስጂድ ወቅፍ ናቸው፤ ባለቤቱን ወይም ኮሚቴውን ሳይጠይቁ ማንሳት ተገቢ አይደለም። በውዱእ ያዙት። ጀርባው እንዳይሰበር ሙሉ በሙሉ አትዘርጉት፤ ሁለቱንም ጎን በትራስ ደግፉ። ጠርዙን ቆርጣችሁ አታንሱ። በገጹ ግርጌ ጥግ ላይ ለብቻዋ የተጻፈች አንዲት ቃል ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ፤ የሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ቃል ናት። ክሩ የተበጠሰ ኪታብ ቅደም ተከተሉ የሚታወቀው በእሷ ነው። የወሎን መንዙማ የመሰሉ፣ በዐረብኛ ፊደል አማርኛ የተጻፈባቸው የዐጀሚ ጽሑፎች ከሆኑ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ዐረብኛ የሌሉትን እንደ ቸ እና ጨ ያሉ ድምፆች አንዳንድ ጸሐፊዎች በተጨማሪ ነጥቦች ስለሚያመለክቱ አንዷ ከጠፋች ቃሉ የሚገምተው ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ማዘጋጀቱ። ስልኮች ፎቶን "ለማሳመር" የሚሠሩትን ሁሉ አጥፉ። ማለስለሻውም፣ ነጠብጣብ አጥፊውም ነጥብና ቆሻሻን አይለዩም። ማሽን ቁምፊ ይቀይራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪሰል የተባለ ጀርመናዊ የዜሮክስ ኮፒ ማሽኖች ሰነድ ስካን ሲያደርጉ 6ን በ8 እየተኩ እንደነበር አሳይቷል። ምክንያቱ ፋይሉን ለማሳነስ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን እንደ አንድ የሚቆጥረው የማመቂያ ዘዴ ነበር። ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ስለሚታዩ ማንም አልጠረጠረም። 6 እና 8 ከተምታቱ ሓ እና ጂም እንዴት ይተርፋሉ?

ያነሳችሁትን ዋናውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡ፤ የምታርሙት ቅጂውን ነው። ጄፔግ የተባለው የፎቶ ዓይነት ታርሞ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ቴሌግራምም ፎቶን "እንደ ፎቶ" ሲልክ ያሳንሰዋል፤ "እንደ ፋይል" ከላካችሁት ግን እንዳለ ይደርሳል። ከዳንግላ የመጣው ፎቶ ላይ ነጥቧን መለየት ያቃተን አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ስለ መጠኑ ብዙ አትጨነቁ። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ 4000 በ3000 ፒክስል ገደማ ይሰጣል። የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ጥራት ለማተም የሚበቃው 3508 በ2480 ስለሆነ ለኪታብ ገጽ ስልካችሁ በቂ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ጣውላ ግን ያው ፎቶ ወደ 170 ዲፒአይ ይወርዳል፤ በክፍል በክፍል ተጨማሪ ፎቶ አንሱለት። ለድረ ገፅ የምትጭኑት ቅጂ ረጅሙ ጎኑ 2000 ፒክስል ቢሆን በደካማ ኔትዎርክም ይከፈታል። ይህ ሁሉ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦበት የቆየ ክልል ሰው ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል፤ አዘጋጅቶ መጠበቅ ይቻላል።

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ፤ 001 ብላችሁ ከቀኝ ጀምሩ። ፎቶው ውስጥ የተደበቀውን የቦታ መረጃ ግን ማጥፋት አትርሱ። ስልኩ ጂፒኤሱን ከመዘገበ ፎቶውን ያወረደ ሁሉ ኪታቡ ያለበትን ቤት ያውቃል። የብራና ሌባና ደላላ ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥራው የዛሬ ሰው ከሆነ ስሙን ጻፉ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል።

አንድ ድረ ገፅ ላይ ጭኖ መርሳትም አይበቃም። የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብትን የሚያስቀርጽ ፕሮግራም ከአገራችን ኢስላማዊ ጽሑፎችም ደግፎ አስቀርጿል፤ ዋናው ኪታብ ከአገር ሳይወጣ ምስሉ ብቻ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ግን ቤተ መጻሕፍቱ የሳይበር ጥቃት ደርሶበት አገልግሎቶቹ ለወራት ተቋረጡ። እንዲህ ያለ ተቋም ከተመታ፣ የእኛ ምስል አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ መቀመጥ አለበት።

ከመለጠፋችሁ በፊት ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ፈልጉ። ሓፊዝ ግን አትምረጡ። በማስተማር ዘመናችን እንዳየነው፣ በቃሉ የያዘ ሰው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን ልቡ ያለውን ያነባል፤ "ረጂም" ተጽፎም "ረሒም" ብሎ ያልፋል። ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ልጅ ጥሩ፤ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ፊደል በፊደል ይንገራችሁ። የዳንግላው ደረሳ ፎቶውን በኋላ ካሜራው አንስቶ እንደ ፋይል ሲልክልን ያደረግነው ይህንኑ ነው። ነጥቧ የሌንስ ቆሻሻ ነበረች።